የታንቲ «ምይኔ»

ባለፈው ሳምንት ጊዮርጊስ አጠገብ ካለ ካፌ ቁጭ ብዬ፣ አስተናጋጇ ዳቦ በማርማላታ አምጥታ ብታስቀምጥልኝ፣ ያ ጎምዘዝ ያለ የኮሽም ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ መዋጥ አቃተኝ። ዳቦው የደረቀብኝ መስሏት ነው መሰለኝ፣ ልጅቷ ሻዩን አስጠጋችልኝ። ዳቦውስ ደህና ነበር፤ እኔ ግን ከካፌው ጀርባ፣ አሁን በቆርቆሮ ታጥሮ ባዶ ሜዳ የሆነው የድሮ ግቢያችን ውስጥ ገብቼ ነበር።

እዚያ ግቢ ጋሽ ተፈራ የሚባል የመንገድ መሐንዲስ ነበር፤ ሩማንያ ተምሮ ሲመለስ ከዲግሪው ጋር ሚስት ይዞ መጣ። ስሟ ሌላ ነው፤ እኛ ልጆቹ ግን «ታንቲ» እንላታለን፣ እዚህ እትዬ እንደምንለው በአገሯ ትልቅ ሴት እንዲህ ነው የምትጠራው። ከአጥራችን ኮሽም ለቅመን ስንወስድላት በስኳር ትቀቅልና በትንሽ ሳህን ጣል አድርጋ፣ ከብርጭቆ ውሃ ጋር «ፖፍቲም» ትለናለች። ፖፍቲም እንኩ ነው፤ በር ላይ ለቆመ ደግሞ ይግቡ ነው፤ ያልሰማችውን ስታስደግምም ያው ፖፍቲም ነው። እንዲህ ለሁሉ የሚሆን ቃል ማን ይጠላል፣ እናቴ ሳትቀር ለእንግዳዋ ፖፍቲም ማለት ጀመረች።

ጋሽ ተፈራ ለሥራ ክፍለ ሀገር ሲወጣ፣ ታንቲ ሲመሻሽ የግቢው በር ላይ ትቆማለች። የወሎዋ እማማ ዘይነባ ከሱቃቸው ሲመለሱ «ዛሬም አይመጣም ልጄ» ሲሏት «ምይኔ» ትላለች፤ ነገ ማለቷ ነው። እሳቸውም ትከሻዋን መታ አድርገው «ምይኔ» ብለው ያልፋሉ። ያችን ቃል ተቀብሎ መመለስ የግቢው ሁሉ ልማድ ሆነ።

አንድ ክረምት የጋሽ ተፈራ መኪና ገደል ገባ። መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነውና፣ የግቢው እናቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ቋንቋዋን ትችላለች ብለው እኔንም ይዘው በሯን አንኳኩ። የተዘቀዘቀ ነጠላ ምን እንደሚል፣ መርዶ ነጋሪም እህል እንደማይቀምስ ማን ነግሯት? እንግዳ መጣልኝ ብላ ፊቷ በራ። «ፖፍቲም፣ ፖፍቲም» እያለች አስቀመጠቻቸውና ለእያንዳንዳቸው ማርማላታና ውሃ አደለች። እምቢ የሚል ጠፋ፣ የሚውጥም ጠፋ። እናቴ ሳህኑን ይዛ እንባዋ እላዩ ላይ ይንጠባጠባል። ታንቲ ንገሪኝ እንደማለት ወደ እኔ ዞረች፤ እኔ ደግሞ በቋንቋዋ የማውቀው ዳቦን፣ ውሃን፣ ነገን ነው።

እማማ ዘይነባ ሳህናቸውን መሬት አስቀመጡ።

«ልጄ፣ አይመጣም።»

«ምይኔ?» አለች፣ ፈገግታዋ ገና ከፊቷ ሳይጠፋ።

የመለሰላት አልነበረም። ሳህኖቹን ከእጃችን አንድ በአንድ ሰበሰበች፤ ከዚያ ነው የጮኸችው።

ከአርባው በኋላ አገሯ ገባች። ፖፍቲም ግን እናቴ አፍ ላይ እስክትሞት ድረስ ነበረች። አሁን ግቢውም ፈርሷል፣ ሰዉም በየኮንዶሚኒየሙ ተበትኗል። በቀደም አንዲት ወጣት ጎረቤቴ ስታንኳኳ በሩን ከፍቼ፣ ሳላስበው «ፖፍቲም» አልኳት። ግራ ገብቷት ደጃፉ ላይ ቆመች፤ ሥራ ያስፈታችኝ መስሏት ነው መሰለኝ፣ «ነገ ብመለስ ይሻላል እማማ» ብላኝ ደረጃውን ወረደች።

«ምይኔ» አልኩ፣ በሩን እንደያዝኩ። የመለሰልኝ አልነበረም።