አትዝሩ፣ አትዙሩ

ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ሊገባ ሲል በመጨረሻው ክረምት "ስምንተኛው ሺ" የምትለዋን አነጋገር የመመረቂያ ጽሑፌ አደረግኳት። ልጅ አባቱን ሲሰድብም፣ በርበሬ ሲወደድም አገሬው "ስምንተኛው ሺ!" ይላል። እኔ ደግሞ የዓለምን መጨረሻ የሚጠብቅ ሰው እንዴት እንደሚያስብ አጠናለሁ ብዬ ተነሣሁ። አማካሪዬ "ተመልከቺ፣ ጠይቂ፣ ጣልቃ ግን እንዳትገቢ" አሉኝ። እሺ ብዬ ቢቸና ሄድኩ። ያረፍኩት ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ከአጎቴ ቤት ነው።

ሐምሌ ነበር፤ ጤፍ የሚዘራበት ጊዜ። የአጎቴ ማሳ ታርሶ፣ ለስልሶ፣ ጥቁር እንዳለ ተኝቷል። ዘሩ ግን በስልቻ እንደታሰረ ምሰሶው ላይ ተንጠልጥሏል። አጎቴ ጤፍ አዋቂ የሚባሉ ናቸው፤ እሳቸው ሳይዘሩ ጎረቤት አይዘራም። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ስለቆዩም ከሰው ንግግር ሁሉ ወርቅ ካልፈለቀቁ እንቅልፍ አይወስዳቸውም።

"ጋሼ፣ ምነው ሳይዘሩ?" አልኳቸው።

"ከፋሲካ በኋላ አንድ ባሕታዊ መጥተው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ 'ሺው ሞልቷል፣ አትዝሩ' አሉን። አጫጁ ማን ሊሆን ነው የምዘራው?"

እንዲህ ሲሉ ድምፃቸው እንኳ አልተለወጠም። ጣልቃ አትግቢ ማለት ቢሮ ቁጭ ብሎ ቀላል ነው፤ እዚህ ቤት እኮ ከነልጆቻቸው ዓመቱን ሙሉ የሚበላው ከዚያ ማሳ ነው!

ባሕታዊው ሞጣ ታመው ተኝተዋል ሲሉኝ ጭነት መኪና ላይ ተንጠላጥዬ በጉንደ ወይን በኩል በጭቃው ስላጋ ሄድኩ። አንዲት መበለት ቤት አገኘኋቸው። የፊት ጥርስ የላቸውም፤ ቃሉ ሁሉ ከንፈራቸው ላይ ይሟሟል።

"ይፍቱኝ አባ" አልኩና ጠየቅኳቸው። "ቢቸና ላይ አትዝሩ ብለዋል?"

"እኔ?" ብለው ከመደቡ ቀና አሉ። "አትዙሩ ነው ያልኩት! ከጠበል ጠበል፣ ከገበያ ገበያ አትዙሩ፤ ሺው ሞልቷልና ቤታችሁ ሆናችሁ ጸልዩ አልኩ። ጤፍ ምን አደረገኝ? ወይ ጉድ! አልዘሩም እንዴ?"

"አልዘሩም አባ።"

መስቀላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው አለቀሱ። "ሩጪ ልጄ፣ ንገሪያቸው። ሐምሌ አላለቀም" አሉኝ።

እንዴት ልሩጥ? ዝናቡ መንገዱን ቆርጦት ስንት ቀን ሞጣ ታግቼ ከረምኩ። በአንዲት ፊደል ሰው ሊያልቅ ነው እያልኩ ብቻዬን ስነጫነጭ ሰነበትኩ። በመጨረሻ መኪና ተገኝቶ ቢቸና ስቃረብ የአጎቴ ብቻ ሳይሆን የጎረቤቶቹም ማሳ ሁሉ ያው ጥቁር ነበር።

ቤት ስደርስ ርቦኝ ዓይኔ ጨልሟል። የአጎቴ ሚስት ነጭ፣ ለስላሳ እንጀራ በሽሮ አቀረቡልኝ። በዚያ ቤት ነጩ ጤፍ ይሸጣል እንጂ አይበላም። "ዛሬስ ድግስ ነው እንዴ!" ብዬ ቀልጄ ጥርግ አድርጌ በላሁ።

ከዚያ የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። አጎቴ እስክጨርስ አዳምጠውኝ ፈገግ አሉ።

"ልጄ፣ ይዘሽ የመጣሽው ሰሙን ነው። አትዙሩ ሰሙ ነው፤ ወርቁ አትዝሩ ነው።"

"ኧረ ጋሼ በእግዚአብሔር! ራሳቸው ናቸው እያለቀሱ የነገሩኝ!"

"ታዲያ ለምን የሚያለቅሱ ይመስልሻል?"

ትንቢቱ ሲከሽፍበት አማኝ ለምን ይብስ ይጠነክራል ብለን ክፍል ውስጥ ስንከራከር እየተሳሳቅን ነበር። አሁን በጣም ፈራሁ። የፈራሁት የዓለምን መጨረሻ ሳይሆን መጪውን ዓመት ነው።

"እሺ፣ ወርቁን እርስዎ ያውቃሉ። ግን ለልጆቹ ሲሉ ግማሹን እንኳ ይዝሩ፤ ጊዜው አላለፈም" ብዬ ወደ ምሰሶው ዞርኩ። ስልቻው ተጨማዶ ተንጠልጥሏል።

የአጎቴ ሚስት ገበታውን እያነሱ ነበር።

"አስፈጨነው እኮ ልጄ፤ ጎረቤቱም ሁሉ አስፈጭቷል። ሺው ከሞላ ለማን እናስቀምጠዋለን?" አሉኝ ቀስ ብለው። "አሁን የበላሽው እሱን ነው። ጣፈጠሽ አይደል?"