በኋላ እግሮቹ ውኃ የጠጣው ቦራ

ልጅ ሳለሁ ተረት የሚነግሩን ሰው ትራክተር ነጂ ነበሩ። የእናቴ ወንድም ናቸው፤ አያ ሞላ እንላቸዋለን። ቆላ ወርደው መንዳት ከተማሩ በኋላ ወደ አገራችን ወደ ሙጃ ተመልሰው የገበሬዎች ማኅበሩን ብቸኛ ትራክተር ይነዱ ነበር። ትራክተሩ ያኔም ያረጀ ነው። ቀይ ቀለሙ ከፊት ተልጦ ነጭ ስለወጣ፣ ግንባሩ ነጭ እንደሆነ በሬ ቦራ ብለው ስም አወጡለት።

አመሻሽ ላይ ከእርሻ እስኪመለሱ ምድጃ ከበን እንጠብቃቸዋለን። ለኩራዙ ጋዝ ሲታጣ የቦራን ናፍጣ ይጨምሩበት ስለነበር ጭሱ ቤቱን ይሞላዋል፤ ጠዋት አፍንጫችን ጠቁሮ ስንነሣ እናቴ «የሞላን ተረት ስትምጉ አመሻችሁ?» ትለን ነበር። አያ ሞላ ፍሙን በእንጨት እየቆሰቆሱ፣ በፍሙ ብርሃን እንደ ትራክተራቸው በቀላው ፊታቸው እየሣቁ፣ ሁሌም በቦራ ይጀምራሉ።

አብልጠን የምንወደው ቦራ በሬዎችን የናቀበትን ተረት ነው። «እናንተ ሁለት ሆናችሁ አንድ ማረሻ ትጎትታላችሁ፤ እኔ ብቻዬን ሦስት» ብሎ ጭቃው የሚይዝ ጥቁር ዋልካ መሬት ገባ። የኋላ እግሮቹ ባሉበት ተሽከረከሩ፤ ጭቃውን ወደ ሰማይ ከመርጨት በቀር አንድ ስንዝር አልሄደም። በሬዎቹ ሆዳቸውን እስኪያማቸው ሣቁ። ከዚያ ሽማግሌው በሬ ጠራውና፣ «ልጄ፣ ጉልበት ሞልቶሃል፤ የኋላ እግርህ ግን ቀልሎ መሬቱን አልቆነጠጠም። እኛ በአንገታችን እንጎትታለን፣ አንተ በኋላ እግርህ ነው። ሂድ ውኃ ጠጣበት» አለው። ቦራም ወንዝ ወርዶ በኋላ እግሮቹ ጠጣ።

«በእግር እንዴት ይጠጣል?» እንላለን።

«አፉ ጎማው ላይ ነዋ። ሲጠጣ አፉን ወደ ላይ ያደርጋል። ከአራት እጅ ሦስቱን ይጠጣና ሩቡን ለነፋስ ይተዋል። ውርጭ እንዳይጎዳው ደግሞ ጨው ይልሳል።»

«አያ ሞላ ዋሹ» እያልን እንንከባለላለን። እሳቸው አይቆጡም።

ከብዙ ዓመት በኋላ አያ ሞላ አረፉ፤ ቦራም መጋዘን ውስጥ ቆሞ ዶሮ ሰፈረበት። እኔ ታደሰን አገባሁ። ታደሰ ብረት የሚወድ ገበሬ ነበር፤ ጥንድ በሬዎቹን ሸጦ ቦራን ከማኅበሩ ገዛና ስንት ወር ታግሎ አስነሣው። መንደሩ «በሬ ሸጦ የዶሮ ቆጥ ገዛ» አለው።

ሐምሌ ላይ ወደ ዋልካው ማሳችን ሲገባ ቦራ ልክ እንደ ተረቱ ባለበት ተሽከረከረ። የስንዴ ዘር ጊዜ ሊያልፍ ሳምንት ቀርቶታል፤ በሬ የለንም፤ ያ ማሳ ካልታረሰ ዓመቱን የሰው እጅ ልናይ ነው። ታደሰ ከበሬ ጋር ያደገ ነውና ጉልበት ሁሉ አንገት ላይ ያለ መሰለው። ከጎረቤታችን ከአሊ ጋር ድንጋይ እየተሸከሙ የቦራ አፍንጫ ላይ ከመሩ። የኋላ ጎማዎቹ ጭራሽ ቀለሉ።

ምሳ ይዤ ማሳው ዳር ስደርስ ይህን አየሁና ሣቄ መጣ። አያ ሞላ ትዝ ብለውኝ ነው።

«ታደሰ፣ ድንጋዩን አውርድለት። የሚጎትተው በኋላ እግሩ ነው። ውኃ አጠጣው።»

ቅንድቡ ሳይቀር ጭቃ ለብሶ ቀና አለ። «አሊ፣ እናኑ ያለችውን ሰማህ? ውኃ አጠጣው አለችኝ።»

«ምን ቸገረህ» አለ አሊ፣ «ድንጋይ እንደሆን አብልተኸዋል።»

ተረቱን ነገርኳቸው። ጎረቤት ተጠራርቶ ቦራን ወደ ደረቁ ዳር ገፋው። ከሙጃ የመጣው ጎሚስታ የጎማውን መንፊያ አፍ ወደ ላይ አዙሮ ፈታ፤ በርሜል ከፍ አድርገን ሰቀልንና በቱቦ ውኃውን ወደ ጎማው አወረድን። ታደሰና እኔ ከወንዝ በጀሪካን ስንመላለስ ዋልን።

«ጨዉንስ ምን ያህል ይልሳል?» አለኝ ዳገቱ መሐል፣ እያለከለከ።

«እሱን ሳይነግሩን እንቅልፍ ወሰደን።»

ለከብት ያስቀመጥነውን ጨው ሁሉ በጠበጥንለት።

በማግስቱ ቦራ ዋልካው ውስጥ ገባ። ጎማዎቹ አንዴ ዞሩ። ከዚያ መሬቱን ቆነጠጡና ጥቁሩ አፈር ከኋላ መገልበጥ ጀመረ። ታደሰ መሪውን ይዞ «ና ቦራ፣ ተመለስ ቦራ» እያለ እንደ በሬ ሲያርስበት ዋለ። አሊ በሣቅ ማሳው ዳር ተቀመጠ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ክረምት በቦራ ያረሰው ታደሰ ካረፈ ዓመት አልሞላውም። ዘንድሮ ቦራን የሚነዳልኝ አሊ ነው። አያ ሞላ ለሞኝ ልጆች ብለው ዕውቀታቸውን በተረት ሸፍነው አስቀመጡልን፤ እኔም የያዝኩት ለሣቁ ብዬ ነበር። ባለፈው ጎሚስታው መጥቶ «እመቤቴ፣ ይህ ውኃ አርጅቷል፤ እንቀይረው» አለኝ። ይቆይ አልኩት። ቦራ በደጄ ሲያልፍ ጎማው ውስጥ ሲንቦጫረቅ ይሰማኛል፤ ታደሰ የቀዳው ውኃ ገና አላለቀም።