የቅቤ ነጋዴዋ እግሮች

ሴትዮዋ የጠሉኝ በሩን ከፍተው ነጩን ጋዎኔን ያዩ ጊዜ ነው። እኔም እንዲወዱኝ ብዬ አላወለቅኩትም።

ቤታቸው ከጎጃም በረንዳ ጀርባ ነበር፤ ፊቱ የቅቤ መጋዘን፣ ጓዳው መኖሪያ። ወደ ውስጥ ለመግባት በቅቤ ቆርቆሮዎቹ መካከል በጎን ማለፍ ነው፤ ደጁ ላይ ያለው ተሸካሚና ጋሪ ገፊ ሁሉ ማን እንደገባ ያያል። ጋዎን ለብሶ ሻንጣ ይዞ የገባ ሰው ደግሞ አፉን ሳይከፍት ወሬ ያወጣል፤ እዚህ ቤት በሽታ አለ ማለት ነው። ሴትዮዋ እግራቸውን ከማሳየታቸው በፊት፣ ከነገ ጀምሮ ነጠላ ለብሼ፣ ዘንቢል አንጠልጥዬ፣ ለፋሲካ ቅቤ እንደምታማርጥ ሴት ሆኜ እንድመጣ አዘዙኝ። ጤና ጣቢያው የላከኝ በጋዎን ነው፣ የምመጣውም በጋዎን ነው አልኳቸው።

"ይቺ ደግሞ ከየት የመጣች ግትር ናት?" አሉ ወደ ልጃቸው ዞረው፤ እኔ ክፍሉ ውስጥ የሌለሁ ይመስል።

ያኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ዘመኑ የንጉሡ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በአሥራ ሰባት ዓመቴ፣ ጉልበቴ ዴስኩ ሥር አልገባ ብሎኝ፣ የወተት ጥርሳቸው ገና ካልወለቀ ልጆች ጋር ተቀምጬ ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው በተጻፈ ነገር አይቀልድም። የተማርኩበት መጽሐፍ ፋሻው ግማሽ በግማሽ ይደራረብ ካለ፣ እኔ ግማሹን በዓይኔ ለክቼ ነው የማስረው። ድሬሰር ሆኜ መርካቶ ዳር ወዳለ ጤና ጣቢያ ስመደብ የተሰጠኝ ሥራ ቤት ለቤት እየዞርኩ ቁስል ማጠብና ያበጠ እግር በላስቲክ ፋሻ ማሰር ነበር።

እግር ማሰር ሲሉት ቀላል ይመስላል። በሽተኛው ጠዋት ከአልጋው ሳይወርድ፣ እግሩ ትራስ ላይ ከፍ ብሎ ነው የሚታሰረው። ከጣቶች ሥር ይጀመራል፤ ጣቶቹ ግን ቀለማቸው እንዲታይ አይሸፈኑም። ተረከዝ ይሸፈናል፣ ቁርጭምጭሚት ላይ በመስቀለኛ ይዞራል፣ ከዚያ ወደ ጉልበት ይወጣል። ከታች ጠበቅ፣ ወደ ላይ ላላ እያለ ነው የሚሄደው። የተገላቢጦሽ የታሰረ እንደሆነ እብጠት ውስጥ ያለው ውኃ ታች ይታቆርና ጣት ይጠቁራል። ይህን ለሴትዮዋ ሳስረዳ ጣራ ጣራ ያዩ ነበር።

ሴትዮዋ ለመታከም የቸኮሉት ለልጃቸው ብለው ነው። ልጅቷ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አንድ የጨርቅ ነጋዴ ለልጁ አስቧት፣ ሽማግሌዎች ከፋሲካ በኋላ ሊልክ ቃል ገብቷል። ሰፈሩ ግን የሴትዮዋ እግር ዝሆኔ ነው እያለ ያንሾካሹካል። በዚያን ጊዜ ዝሆኔ ያለበት ቤት ልጅ አይሰጡም፣ ልጅም አይቀበሉም። ጾሙ ሲገባ ቅቤ ተራ ቀዝቀዝ ስለሚል፣ ሴትዮዋ በነዚያ ሁለት ወራት እግራቸውን አስቀንሰው፣ ሽማግሌዎቹ ፊት ጫማ አድርገው ቀጥ ብለው ሊቆሙ ነበር ሐሳባቸው።

እግራቸውን ሳየው ግን መጽሐፌ ውስጥ ያለው ዓይነት አልነበረም። ከዳሌ ጀምሮ ጭኑም ባቱም በሁለቱም በኩል እኩል ወፍሯል፤ ውፍረቱ ቁርጭምጭሚት ላይ ሲደርስ በክር እንደታሰረ ከረጢት አፍ ጭምድድ ብሎ ያበቃል። ከዚያ በታች ያለው ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ምንም ያልነካው ነው። ዝሆኔ ከታች፣ ከጣት ይጀምራል። የሳቸው ጣቶች ደህና ነበሩ። ባታቸውን ጫን ሳደርገው ጮኹ፤ እዚህም እዚያም ምንም ሳይመታቸው በልዟል።

ሐሙስ ሐሙስ ጣቢያው የሚመጣውን የውጭ አገር ሐኪም ይዤ ሄድኩ። አየና ዝሆኔ አይደለም አለ። ሴቶችን ብቻ የሚይዝ፣ ከእናት ወደ ልጅ የሚወርድ፣ ስብና ውኃ የሚያጠራቅም ሌላ ነገር ነው፤ ፋሻው ሕመሙንና የማታ ማታውን እብጠት ያቀልላል እንጂ እግሩን አያቀጥነውም። እሱ ከሄደ በኋላ ልጅቷ መጋዘን ሳለች ሁሉንም ነገርኳቸው፤ እናታቸውም እንዲህ ነበሩ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው።

ሴትዮዋ ቀና ብለው ተቀመጡ። ይህን ጥያቄ ለእሳቸውም፣ ለልጃቸውም፣ ለማንም፣ እዚህ ቤትም ሆነ ውጭ ዳግመኛ ካነሣሁት ጋዎኔን ከነሻንጣዬ ጭቃ ላይ እንደሚወረውሩት ነገሩኝ። መልሱን አገኘሁት። እሺ፣ አልናገርም አልኩ።

ከዚያ በየጠዋቱ ጦርነት ሆነ። አንድ ቀን ጠበቀ፣ አንድ ቀን ላላ። አንድ ቀን እጄ ቀዝቃዛ ነው፣ ሌላ ቀን ትንፋሼ ይሰማል። ልጅቷ ተረከዛቸውን ከፍ አድርጋ ትይዝልኛለች፤ አትናገርም። በሦስተኛው ሳምንት ግን ፋሻዎቹ ቁርጭምጭሚት ላይ እንደ አሮጌ ካልሲ ተሰብስበው አገኘኋቸው። አነሣሁና አሸተትኩ። ለጋ ቅቤ ነው። ሴትዮዋ ማታ ማታ ፋሻውን እየፈቱ እግራቸውን በቅቤ ያሻሉ፣ ያንኑ ፋሻ መልሰው ይጠቀልሉበታል። ቅቤ ደግሞ ላስቲክ ይበላል። ከጣቢያው የተሰጠኝ አራት ጥቅል ብቻ ነው፤ ሁለቱ ከዚያ ወዲያ ለምንም የማይሆኑ ጨርቆች ሆነዋል።

ድምፄን ከፍ ያደረግኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ፋሻ የሚበላሽበትን ነገር አንድ በአንድ ቆጠርኩላቸው፤ ያዘዝኩት ካልተደረገ እንደማልመለስ ነገርኳቸው።

"እኔ በቅቤ ነው ያደግኩት" አሉ። "በቅቤ ነው ባሌን የቀበርኩት፣ በቅቤ ነው ልጄን ያሳደግኩት። በስተርጅናሽ ፊደል ቆጥረሽ እኔን ስለ ቅቤ ልታስተምሪኝ?"

ዘግይቼ መማሬን ማን ነግሯቸው እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። ሰፈሩ ነው፤ ሁሉንም ያውቃል። ውኃና ሳሙና አስመጥቼ እግራቸውን አጠብኩ፣ የተረፉትን ሁለት ፋሻዎች አሰርኩ፣ ወጣሁ።

በዚያው ሳምንት አንድ ጠዋት፣ ለክትባት የመጡትን ሕፃናት ገና ሳንወጋ፣ ሁለት ሰዎች ጣቢያው መጥተው አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። አንደኛው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ያስቀመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ሌላዋ ቅመም የምትነግድ፣ ልብሷ ኮረሪማ ኮረሪማ የሚል ሴት። የጨርቅ ነጋዴው ልጅ አጎትና አክስት ነን አሉ። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ዘር ሊያጣሩ ነው የወጡት።

"ልጄ፣ አንድ ነገር ልናስቸግርሽ ነው" አሉ ሽማግሌው። "ቅቤ ነጋዴዋ ቤት ትመላለሻለሽ። የያዛቸው ዝሆኔ ነው?"

አይደለም ልል አፌን ከፈትኩ። እውነት ነበር፤ ሐኪሙም ያለው ነው።

"እሱ ብቻ አይደለም ጋሼ" አለች አክስቲቱ። "ከእናት ወደ ልጅ የሚሄድ እንደሆነም ትንገረን።"

አፌን ዘጋሁ። የበሽተኛ ነገር አላወጣም አልኳቸው።

"አውጪ አላልንሽም። አዎ፣ ካልሆነም አይደለም በይን። ሌላ አንፈልግም" አለች።

ዝም አልኩ። በዘር ማጣራት ጊዜ የሚጠየቅ ሰው በቤተሰቡ ላይ የሚያውቀው ነውር ከሌለ ንጹሕ ናቸው ብሎ አፉን ሞልቶ ይመሰክራል። ዝም ያለ ሰው ክፉ ነገር ከአፉ እንዳይወጣ ነው ዝም ያለው ተብሎ ይወሰዳል። ይህን ወግ አላውቀውም ማለት አልችልም፤ ያደግኩበት ነው። ሽማግሌው ትንሽ ጠበቁኝ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አደረጉ።

"እንግዲህ ነግረሽናል፤ ተባረኪ" ብለው ተነሡ።

ለሁለት ቀን ያህል ደንብ ጠበቅኩ እያልኩ ራሴን ሳመሰግን ቆየሁ። በሦስተኛው ጠዋት ስሄድ ሴትዮዋ አልጋው ላይ ተቀምጠዋል፤ እግራቸው መሬት ነክቷል። ልጅቷ የለችም።

"ምን አልሻቸው?"

"ምንም አላልኩም።"

"ምንም?"

"እርስዎ ዝም በይ ብለውኝ ነበር።"

"ዝም በይ ያልኩሽ ስለ እናቴ ነው። ዝሆኔ አይደለም ማለት ምን ነበረበት? እውነት አይደለም?"

"እውነት ነው።"

"ታዲያ እሱን እውነት የት አደረግሽው?"

ያላልኩበት ምክንያት ሁለት ነው። ሁለተኛው ጥያቄ መጣብኝና የመጀመሪያውን መልስ ብቻ ሰጥቼ ማለፍ ማታለል መሰለኝ፤ ይህ አንዱ ነው። ሌላው ግን ያ የቅቤ ነገር ነው። ሴትዮዋን ብወዳቸው ኖሮ፣ "አይደለም" የሚለው ቃል አክስቲቱ አፏን ከመክፈቷ በፊት ወጥቶ ያልቅ ነበር። ስለማልወዳቸው አንድ ትንፋሽ ዘገየሁ። በዚያች ትንፋሽ ውስጥ ነው ሁሉም ነገር የሆነው።

ሻንጣዬን ሳልከፍት አስወጡኝ። ፋሲካ አለፈ፤ የተባሉት ሽማግሌዎች አልመጡም። የጨርቅ ነጋዴው ልጅ በዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን ሌላ እጮኛ እንደያዘ ሲኒማ ራስ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት በሽተኛዬ አጫወቱኝ፤ ምን እንደሚያጫውቱኝ ሳያውቁ።

ሴትዮዋ እንደገና የላኩብኝ ከወር በኋላ ነው። ይቅርታም ዕርቅም አልነበረም። ሕመሙ በርትቶባቸዋል፤ ራሳቸው ለማሰር ሞክረው ከላይ አጥብቀው፣ ጣታቸው ጠቁሮ ፈርተዋል። አዲስ ፋሻ አውጥቼ ከጣት ጀመርኩ። ጋዎኔን አላነሡብኝም፤ የሚደበቅ ነገር አልቀረም። ስገባ "መጣሽ፣ ምላሰ ድዳ" ይሉኛል፤ ስወጣ ምንም አይሉኝም። ልጅቷ እንደ ድሮው ተረከዛቸውን ትይዛለች። ዓይኗን ከፋሻው ላይ አታነሣም።

ሐምሌ ውስጥ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ሳለ፣ ልጅቷ ብቻዋን ጣቢያው መጣች። በሽተኞቹ እስኪያልቁ ጠብቃ ገባችና በሩን ዘጋች። ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰበሰበች።

"እትዬ፣ አሁን በሽተኛዋ እኔ ነኝ" አለችኝ። "ለእኔ ዝም ማለት አይችሉም።"

ባቷን በአውራ ጣቴ ጫን አደረግኩት። ጥርሷን ነከሰች። ቁርጭምጭሚቷ ላይ ያቺ ጭምድድታ ገና ስትጀምር ትታያለች። አስቀምጬ ነገርኳት፤ ሐኪሙ ያለውን፣ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ሁለት መስመር ያገኘሁትን፣ የማላውቀውንም አላውቀውም ብዬ። ዝሆኔ እንዳልሆነ፣ እንደማይገድል፣ ከመውለድ እንደማይከለክል፣ ከአሁኑ ብትታሰር ሕመሙ እንደሚቀልላት ነገርኳት። ብዙ ተናገርኩ። በሕይወቴ ያን ያህል በአንድ ጊዜ የተናገርኩ አይመስለኝም።

"እንግዲህ እኔን የተዉኝ ሰዎች ልክ ነበሩ" አለች።

ልክ አልነበሩም አልኳት። ቀሚሷን ዝቅ አደረገች።

"ለእናቴ እንዳይነግሯት። ሌላው ሁሉ ቢቀር እኔን አልነካኝም ብላ ነው ሌሊት የምትተኛው።"

እሺ አልኩ። ደንቡም እሱ ነው።

በማግሥቱ ሴትዮዋ እግራቸውን ትራሱ ላይ ዘርግተው ጠበቁኝ። ልጅቷ መጋዘን ውስጥ ሰው ታስተናግዳለች፤ ድምፅዋ ይሰማል። ተረከዙን ራሴ ደግፌ ፋሻውን ከጣቶቻቸው ሥር ጀመርኩ።

"ትናንት ልጄ አንቺ ዘንድ ስትገባ ሰዎች አይተዋታል" አሉኝ። "ምን ሆና ነው?"

ተረከዙን ሸፈንኩ። ቁርጭምጭሚቱ ላይ በመስቀለኛ አዞርኩ። ብርድ መትቷት ነው ማለት ይቻል ነበር፤ ውሸት ነው። ሴትዮዋ ጠበቁኝ፤ ያ ሽማግሌ ከጠበቁኝ ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ጠበቁኝ። ከዚያ ግማሽ የታሰረ እግራቸውን ቀስ ብለው ከእጄ ሳቡና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።