ከአማቴ ጋር የተሻማሁት ጧት

ልጄን ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምራ ሦስተኛ ክፍል እስክትጨርስ ድረስ ትምህርት ቤት ያመላለስኳት እኔ ነበርኩ። ቤታችን ለሚ ኩራ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ትምህርት ቤቷ ደግሞ ሩዋንዳ አካባቢ። ጧት የታክሲ ሰልፍ እንይዛለን፣ ወንበር ካገኘን ጭኔ ላይ አስቀምጣታለሁ፣ እሷም እስክንደርስ ድረስ ታወራለች። ስላየችው ሕልም፣ ከጓደኛዋ ጋር ስለተጣላችበት እርሳስ፣ አስተማሪዋ ስለለበሰችው ጫማ። ጭኔ ይደነዝዛል። ግን ተነሺ ብያት አላውቅም።

የባለቤቴ እናት ሲያርፉ አባቱ ብቻቸውን እንዳይቀሩ ብለን ወደ እኛ አመጣናቸው። ከአንድ ሻንጣና ከአንድ አሮጌ ቮልስ ጋር መጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሹፌር ነበሩ። ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይቆዩ፣ መኪና በር ላይ ቆሞ ልጅ በታክሲ አትጋፋም አሉ። ባለቤቴ ገና ሳይነጋ በመሥሪያ ቤቱ ሰርቪስ ሥራ ስለሚሄድ ጧት ጧት እሱ የሚያግዘኝ ነገር አልነበረም፤ በአባቱ ሐሳብ በጣም ደስ አለው። እኔም ደስ ያለኝ መሰልኩ። በማግስቱ ልጄ ከፊት በቀኝ በኩል ተቀምጣ በመስኮት እጇን አውለበለበችልኝ። ሰፈሩን ለቀው እስኪወጡ ድረስ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ፈሪ ሰው ነኝ፤ ይህን አልደብቅም። የጋዙን ሲሊንደር ዘግቼ ደረጃ ከወረድኩ በኋላ ተመልሼ ወጥቼ የማየው ሰው ነኝ። ስለዚህ ሽማግሌ የሚነዳው መኪና ያስፈራኛል ብል ማንም አይጠራጠረኝም። ፈርቼም ነበር። ከፍርሃቱ ሥር ያለው ግን ቅናት ነበር። ይህን ለመጻፍ ብዙ ቀን ፈጅቶብኛል።

ራት ላይ ሁለቱ ይስቃሉ። ልጄ፣ ዛሬ አንዱ የገልባጭ ሹፌር ሽንቱ መጥቶበት ነበር ትላለች፤ አማቴ ደግሞ፣ አይደለም፣ እሱማ ሚስቱን ምጥ ይዟት ነው ይላሉ። እኔ ምን እንደሚሉ አላውቅም። ስጠይቅ፣ ከኋላቸው ክላክስ ለሚያደርግ ሰው ሁሉ ሰበብ የሚፈልጉለት ጨዋታ መሆኑን ነገሩኝ። አንዷ ወጥ ጥዳ ረስታ ነው፣ አንዱ የሠርጉ ቀን መሆኑን ዘንግቶ አሁን ትዝ ብሎት ነው። ሰበብ ያልተገኘለት ሰው ደግሞ፣ ሰበቡን እሱ ያውቃል ተብሎ ያልፋል። አማቴ በዚህ ዓይነት፣ ሰው ቢቸኩልም ቢሰድብም አትቆጡት የሚለውን ለልጄ አስተምረዋታል። ያኔ ይህ አልታየኝም። የታየኝ እኔ የሌለሁበት ሳቅ ብቻ ነው።

የቤት ሥራዋንም ከእሳቸው ጋር መሥራት ጀመረች። እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ፤ ክፍልፋይ የሚባለው ሒሳብ ሲመጣ ድስት ላወርድ እነሳለሁ። እሳቸው ግን መነጽራቸውን ሰክተው አብረዋት ይጨነቃሉ። እኔ አንቱ የምላቸውን ሰው እሷ አንተ ትላቸዋለች። ትምህርት ቤት እንዴት ዋልሽ ስላት፣ “ለአባባ ነግሬዋለሁ እኮ” ትለኛለች። አንድ ጊዜ የተናገረችውን ለእኔ ለመድገም ይደክማታል።

መኪና ያለው አንድ ጎረቤታችን ደረጃ ላይ ሲያገኘኝ፣ “አባትየው ኢምፔሪያል ላይ ለአዲስ አበባ ሕዝብ በሙሉ ቅድሚያ ሲሰጡ እኛ ከኋላቸው አረጀን” ብሎ ቀለደብኝ። እኔ ግን ቀልዱን እንደ ማስረጃ ይዤ ገባሁ። ለባለቤቴ፣ አባትህ አርጅተዋል፣ ሰው ሁሉ እያወራ ነው፣ አንድ ነገር ከመሆኑ በፊት መንዳቱን ይተዉ አልኩት። እሱ መሪ መያዝ የተማረው ከአባቱ ነው፤ ቁልፉን አስቀምጥ ብሎ ሊናገር አልደፈረም። እኔም ምራት ነኝ፤ በእኔ አፍ አይሆንም። ስለዚህ እንደ ወጉ ሽማግሌ ላክንባቸው።

ሦስት ሰዎች መረጥን። የዕድራችን ሰብሳቢ፣ ከብሎካችን ሥር ሱቅ ያላቸው የወሎ ሰው ሐጂ፣ እና ጡረታ የወጡ አንድ መምህር። እሑድ ከሰዓት ዕድር ተሰብስበው ሲወጡ ቀጥታ ወደ እኛ እንዲመጡ ተነጋገርን። አማቴ ዳቦ ሊገዙ ወጥተው ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ ከባድ ዝናብ ጣለ፤ ቀሩ ብለን ተስፋ ስንቆርጥ የቮልሷ ድምፅ ተሰማ። በመስኮት ሳይ አማቴ በአንድ እጃቸው ዳቦ፣ በሌላው ጃንጥላ ይዘው ሽማግሌዎቹን ተራ በተራ ከመኪናው ያወጧቸዋል። ዝናብ ላይ ቆመው አግኝተዋቸው ኖሮ ወዴት ናችሁ ሲሏቸው፣ ወደ እናንተ ቤት ከማለት ሌላ ምን ይበሉ? መኪና መንዳት ይተዉ ሊሉ የመጡት ሽማግሌዎች በመኪናው መጡ። ባለቤቴ ዓይኔን ላለማየት ግድግዳ ግድግዳውን ያያል።

ምሳ መሰል ነገር ቀርቦ ተበላ። በመጨረሻ ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ ዕድሜ ጸጋ ነው፣ ሰውነት ግን ይደክማል እያሉ በዙሪያው ብዙ ከሄዱ በኋላ ጉዳያቸው ስለ መኪናው መሆኑን ተናገሩ።

“የትኛው መኪና?” አሉ አማቴ። “ይዣችሁ የመጣሁበት?”

መምህሩ ቀድመው ሳቁ፤ ከዚያ ሁሉም ሳቀ። አማቴ አልሳቁም። ልጃቸውን ትተው ወደ እኔ ዞሩ።

“ልጄ፣ አንቺ ሁለት ዓመት ሙሉ መኪናዬ ውስጥ ገብተሽ ታውቂያለሽ?”

አላውቅም ነበር። ለምን እንደማልገባ ሲጠይቁኝ ቮልስ ሆዴን ይረብሸኛል እል ነበር።

“እንግዲያው ከነገ ጀምሮ አንድ ሳምንት ከኋላ ተቀመጪ። ከዚያ ተው ካልሽኝ እተዋለሁ። እነዚህ ምስክር ይሁኑ።”

ሽማግሌዎቹ መረቁ፤ ዝናቡ ስላላባራ አማቴ መልሰው በቮልሷ አደረሷቸው።

ሰኞ ከኋላ ተቀመጥኩ። ልጄ ከፊት ሆና ቀበቶዋን አሰረች፤ ከዚያ የአያቷም መታሰሩን አረጋገጠች። እኔ ጥፋት ፍለጋ ነው የገባሁት፤ ግን አጣሁ። አይሮጡም። ከፊታቸው ካለው መኪና ይርቃሉ። ዜብራው ላይ ሰው እግሩን ሊያነሳ ሲያስብ እንኳ ይቆማሉ። ሚኒባስ ጥሶ ሲገባባቸው እጃቸውን አንስተው ያስገቡታል። አንዱ የሚኒባስ ሹፌር በመስኮት ብቅ ብሎ፣ “አባባ፣ ይቺን ሙዚየም ያስገቧት እንጂ” አላቸው። “ትኬት ቆርጠህ ና፣ አስጎበኝሃለሁ” አሉት፤ እሱም እየሳቀ ሄደ።

ልጄ ታወራለች። እንደ ድሮው፣ ከእኔ ጋር እንደነበረው። “የሒሳብ አስተማሪያችን፣ በቀኝ ሞተር፣ ጢሙን ተላጭቶ መጣ። ማንም አላወቀውም፣ ሁለት ሰዎች በቀኝ፣ ዘበኛው ራሱ አላስገባም አለው።” በመካከል ስለ ሞተርና ስለ ሰው የምትለውን እንደ ጨዋታቸው ቆጠርኩት። ማክሰኞም ረቡዕም እንደዚሁ ሆነ። እኔ ከኋላ እንደ ዕቃ ተቀምጬ የሁለቱን ማጅራት እያየሁ እቀናለሁ። ሳምንቱ ሲያልቅ ምን ብዬ ተው እንደምላቸው ጨንቆኝ ነበር።

ሐሙስ ልጄ ፈተና ነበረባት። ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘርግታ ከቤት ጀምሮ አላወራችም። ገርጂን እንዳለፍን መንገዱ ተዘጋግቶ ስለነበር አማቴ ወደ ቀኝ ወደ ውስጥ መንገድ ሊታጠፉ ፍሬቻ አበሩ። አንድ ሰው ሙዝ የጫነ ጋሪ እየገፋ በቀኛችን ይመጣል። በደንብ ይታያል። አሁን ይቆማሉ ብዬ ጠበቅሁ። አልቆሙም።

“አባባ!” ብዬ ጮህኩ።

ፍሬን ያዙ። ጋሪው በሩን ገፋ አደረገውና ዘመመ፤ ሙዙ አስፋልቱ ላይ ተበተነ። ሰውየው አልተነካም። የመኪናውን ጣሪያ በመዳፉ መትቶ ሊሳደብ ጎንበስ ሲል ሽበታቸውን አየ። “አባት፣ አጠገብዎ ነበርኩ እኮ” አለ ብቻ። አማቴ ይቅርታ እየጠየቁ ወርደው ሙዙን መልቀም ጀመሩ። ከፊታቸው ያለውን ያነሳሉ፤ በቀኝ እግራቸው አጠገብ ያለውን ትልቅ የሙዝ ዘለላ ግን ሳያዩት አለፉት። ከኋላችን ያለው መኪና ሁሉ ክላክስ ያደርጋል። ለማንም ሰበብ የፈለገለት አልነበረም።

ልጄ ደብተሩን ዘግታ ታለቅሳለች። “የኔ ጥፋት ነው። እያነበብኩ ስለነበር አልነገርኩትም።”

“ምኑን?”

“በቀኝ ያለውን። አባባ በቀኝ ዓይኑ አያይም እኮ።”

ሁሉም ሰው እንደሚያውቀው ነገር ነው የተናገረችው። ከመቼ ጀምሮ አልኳት። ከፋሲካ ወዲህ አለችኝ። ያን ሁሉ ወር የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ የመኪና ዓይን ሆና ትምህርት ቤት ስትመላለስ፣ እኔ ከበር ላይ ሆኜ ወሬያቸው ላይ እቀና ነበር። ማፈሬን እያወቅሁ እጽፈዋለሁ፤ በዚያች ደቂቃ እንኳ ከፍርሃቱና ከንዴቱ ጋር፣ ይህን የሚያህል ምስጢር ለእኔ ሳይሆን ለእሳቸው መጠበቋ ቆረቆረኝ።

አማቴ ቮልሷን ጥግ አስይዘው ቆለፏት። ሦስታችን በታክሲ ሄድን፤ ልጄን ለፈተናዋ አስገባናት። ከዚያ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ካለው የድንጋይ መደብ ላይ ተቀመጥን። እሳቸው ቁልፉን በሁለት እጃቸው ይዘውታል።

ለምን እንዳልነገሩን ጠየቅኳቸው።

“የዓይን ሞራ ነው መሰለኝ። ብነግራችሁ ቁልፉን ትወስዱታላችሁ።” ቁልፉን እያገላበጡ ቀጠሉ። “አንቺ ቀኑንም ሌሊቱንም አለሽ። እኔ ያለችኝ የጧቷ አርባ ደቂቃ ናት። እሷ ከቀረች እዚያ ቤት ምን ሆኜ እቀመጣለሁ?”

አሳዘኑኝ። ግን ልጄ መኪናው ውስጥ ያለችው ነገር ከጆሮዬ አልወጣም።

“ሰውየውን ገጭተውት ቢሆን ኖሮ፣ ዕድሜዋን ሙሉ የኔ ጥፋት ነው እያለች ትኖር ነበር” አልኳቸው። ለአማት የማይባል ድምፅ አውጥቼ ነው የተናገርኩት።

አንገታቸውን ደፉ። “ተው ብለሻል ማለት ነው?”

“ብያለሁ፣ አባባ።”

ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ሞቆ ነበር።

ባለቤቴ ማታ የሆነውን ሲሰማ አመሰገነኝ። በልጅ ነገር እንዳንቺ ንቁ የለም፣ አንቺ ባትጠረጥሪ ኖሮ ጉድ ሆነን ነበር አለ። ዝም ብዬ ተመሰገንኩ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ቅናት ባይዘኝ ኖሮ ያቺ መኪና ውስጥ ገና ድሮ እገባ ነበር፤ ዓይናቸው መድከሙንም በፋሲካው ሰሞን እደርስበት ነበር።

በሚቀጥለው ሰኞ ልጄን እኔው በታክሲ ወሰድኳት። ሁለት ዓመት የተመኘሁት ጧት ተመለሰልኝ። አሁን ጭኔ ላይ አትቀመጥም፤ አድጋለች። መስኮት መስኮቱን እያየች ሄደች። ፈተናው እንዴት ነበር አልኳት። ደህና አለች። ማክሰኞም ደህና፣ ረቡዕም ደህና። ስንመለስ አማቴን ሳሎን ሶፋው ላይ አገኛቸዋለሁ፤ ለብሰው፣ ጫማቸውን አስረው፣ የትም ሳይሄዱ። ቤት በተቀመጠ ሰው ላይም መቅናት እንደሚቻል ያን ሳምንት አወቅሁ። ልጄ ገና በር ሳይከፈት ወሬዋን ለእሳቸው ትጀምራለችና።

ሐሙስ ጧት ወገቤን አሞኛል አልኩ። ወገቤ ደህና ነበር። “አባባ፣ እስቲ እርስዎ በታክሲ ያድርሱልኝ” አልኳቸው። አላመኑኝም፤ ግን ባርኔጣቸውን ከመስቀያው ለማውረድ አንድ ደቂቃ አልፈጀባቸውም። ልጄን ደግሞ ለብቻዋ ይዤ፣ መንገድ ስትሻገሩ እጃቸውን አንቺ አትይዢም፣ እሳቸው ናቸው የሚይዙሽ፣ ዜብራ ላይ ብቻ፣ መኪናው ሙሉ በሙሉ ከቆመ በኋላ ብቻ ብዬ ሦስት ጊዜ ደገምኩላት። ከበረንዳ ሆኜ አየኋቸው። እስከ ታክሲ ሰልፉ ድረስ እያወሩ ሄዱ። አንዳቸውም ዞር ብለው አላዩኝም።

ከዚያ ወዲህ ጧቱ የእነሱ ነው። የዓይን ሐኪም ዘንድ ወስጃቸው ሞራው እንደሚወጣ ተነግሮናል፤ ከዚያ በኋላ ይንዱ አይንዱ የሚለውን የሚወስነው ሐኪሙ ነው፣ እኔ አይደለሁም። የሕክምናው ቀን ረቡዕ ጧት ነው። ባለቤቴ ፈቃድ አላገኘም፤ አብሬያቸው ሄጄ አጠገባቸው የምውለው እኔ ነኝ። ትናንት ማታ ይህን ለልጄ ስነግራት ማንኪያዋን አስቀመጠች።

“ለምን አንቺ?” አለችኝ። “እኔ ነኝ እኮ መጀመሪያ ያወቅኩት።”

ትምህርት አለብሽ አልኳት። ፊቷን አጥቁራ ወደ ሳህኑ አቀረቀረች፤ ገበታው እስኪነሳ ድረስም አላናገረችኝም። ያን ፊት አውቀዋለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ ለብሼው ኖሬያለሁ።