በጸሎተ ሐሙስ የተመረመረ ወገብ

በ1964 ዓ.ም.፣ በበጋው ማለቂያ፣ ልጄ አዲስ አበባ ላይ ወረቀት በትኖ ተሰወረ ብለው እኔን ጋምቤላ ላይ ያዙኝ። እሱ እስኪገኝ ነው አሉኝ። የታሰርኩባት ክፍል ግድግዳዋ ጭቃ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነበር፤ ከረፋድ በኋላ መደገፍ እንኳ ያቃጥላል። አብራኝ አንዲት የአኝዋክ ሴት ታስራ ነበር። ሁለታችን ከባሮ ወንዝ ለፖሊሶቹ ውሃ እንቀዳ ነበር።

ወገቤን ሲያመኝ ሰንብቷል። ሕማማት ነው ብዬ ግን ስግደቴን አልተውኩም። በጸሎተ ሐሙስ ባልዲ ላነሳ ስል ከወገቤ እስከ እግሬ ጣት እሳት ወረደብኝ። ወደቅሁ።

አዛዡ በላዬ ቆመ።

«ማለዳ ስትሰግጂ አይቼሻለሁ። ለእግዜር የሚታጠፍ ወገብ ለመንግሥት ሲሆን ይሰበራል?»

ፖሊሶቹ ሳቁ። ሐኪም አስጠራ። «ከዋሸሽ እጥፉን ትቀጃለሽ» አለኝ።

ሐኪሙ ሰላም እንኳ አላለኝም። በጀርባዬ አስተኝቶ እግሬን ሳያጥፍ አነሳው። ጥቂት ከፍ ሲል ጮህኩ።

«እንዲህ መጮህ ማንም ይችልበታል» አለ።

አግዳሚ ላይ አስቀመጠኝ። «እሾህ ወግቶሻል እንዴ?» ብሎ ውስጥ እግሬን የሚያይ መስሎ ጉልበቴን ዘረጋው። በዚያው ሕመም ሳላስበው ወደ ኋላ ተወረወርኩ። የእግሬን አውራ ጣት በጣቱ ተጭኖ «ወደ ላይ ግፊ» አለኝ። ጣቴ አልታዘዘኝም።

«በአከርካሪዋ መካከል ያለው ዲስክ ወጥቶ ነርቩን ተጭኖታል» አለው ለአዛዡ፣ እኔን ሳያይ። «ከተሸከመች እግሯ ሽባ ይሆናል። ለሷ ብዬ አይደለም፤ ሽባ እስረኛ የምታዝለው አንተ ነህ።»

«ውሃው ይቅር» አለ አዛዡ። «ነገ ስትሰግድ ካየኋት ግን ውሃ ልትቀዳ ባሮ ትወርዳለች።»

ነገ ስቅለት ነበር። እሱም ክርስቲያን ነው፤ ያውቃል።

ዛሬ በእግሬ እሄዳለሁ። ልጄም አለ፤ ተመስገን። ያን ሐኪም በጸሎቴ አነሳዋለሁ። ደግ ቃል አልሰጠኝም፤ እውነቱን ግን አልነሳኝም።

ያኔ በማግስቱ፣ በስቅለት ማለዳ፣ አዛዡ በራችን ላይ ወንበር አስቀምጦ ተቀመጠ። የአኝዋኳ ሴት የሚሲዮን ክርስቲያን ናት፤ ስግደት ልማዷ አልነበረም።

«እህቴ፣ አንቺ ቁም» አለችኝ። «አንቺ ይናገራል፣ እኔ ይሰግዳል።»

አዛዡ ከወንበሩ ብድግ አለ፣ መልሶ ተቀመጠ። የከለከለው እኔን ነበር።

ነጠላዬን መስቀለኛ አጣፍቼ በክፍሏ መካከል ቆምኩ። «ኪርያላይሶን» አልኩ፤ እሷ ወረደች። ስትነሳ ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩ።