ከሙሽሪት ስም ጎን ያለው ቀይ ነጥብ

በህንዷ ሚራጅ ከተማ መናኸሪያ ጥላ የሚያርፍበት አግዳሚ ወንበር አንድ ብቻ ነው። ወደ ሳንግሊ ከተማ የሚሄደው አውቶቡስ ሲዘገይብኝ፣ ኮምፒዩተሯን ጉልበቷ ላይ ካደረገች ሴት አጠገብ ሄጄ ተቀመጥኩ። ሰው ጎኔ ተቀምጦ ዝም ማለት አይሆንልኝም። የሰሊጥ ጣፋጭ ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት፤ የሳንክራንት በዓል ሰሞን ስለሆነ እንቢ አይባልም።

ስሟ ቭሪንዳ ነው። ከአንዲት ክፍል ቤቷ ሳትወጣ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ትሠራለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ የሚደውልላት፣ ፕሮግራሙ የተበላሸበት ሰው ብቻ ነው።

"ደህና አድርጌ በሠራሁ ቁጥር ስልኬ ዝም ይላል፣ ማውሺ" አለችኝ እየሳቀች፤ ማውሺ አክስቴ ማለት ነው።

የምትሄደው ሳንግሊ ወዳለ አንድ የጋብቻ አገናኝ ቢሮ ነበር። የቢሮው ሴቶች ለአቅመ ሔዋን የደረሱትን ልጆች ዕድሜ፣ ትምህርትና ቤተሰብ የሚመዘግቡት በእሷ ፕሮግራም ነው። የጻፉት ሴቭ እስኪደረግ ድረስ ከልጅቷ ስም ጎን ቀይ ነጥብ ይታያል፤ ሲደረግ ይጠፋል። በቃ፣ ይህን የማይረዳ ሰው ይኖራል ብላ አላሰበችም።

"በቀደም መብራት ጠፋና የጻፉት ሁሉ ድራሹ ጠፋ። የቢሮው ባለቤት ኢንዱባይ ደውላ ጮኸችብኝ። 'ነጥቡን አላያችሁትም እንዴ?' አልኳት።"

"አላዩትም?"

"ማየቱንማ አይተውታል። 'ባል የምንፈልግላት ልጅ ስም አጠገብ ኩንኩ ወጥቶ፣ በገዛ እጃችን እንጥረገው? ምን ዓይነት ሟርት ነው?' አለችኝ።"

ሳቄ አመለጠኝ። እውነቷን ነው፤ ኩንኩ ያገባች ሴት ግንባሯ ላይ የምታደርገው ቀይ ነጥብ ነው፤ የሚጠረገው ባሏ የሞተ ቀን ነው። ወዲያው ዓይኔ ባዶ ግንባሯ ላይ ሲያርፍ ግን ሳቄን ዋጥኩት።

"ይሳቁ እንጂ፣ እኔም ስቄያለሁ" አለች። "ከሁሉ ሰው በፊት ይህን ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።"

ኮምፒዩተሩን ወደ እኔ አዞረችው። ነገሩን ገልብጣዋለች። አሁን ሴቭ ካልተደረገው ስም ጎን ባዶ ቀለበት ነው የሚታየው፤ ሲደረግ ቀዩ መጥቶ ይሞላዋል። እንድሞክረው ፈቀደችልኝና ተጫንኩት። ቀለበቱ ቀላ።

"ይህንን በኢንተርኔት መላክ አትችዪም ነበር?"

"እችላለሁ። ኢንዱባይ ግን 'ዛሬ ከሰዓት ራስሽ ነይ' አለችኝ።" ጣፋጩን በጣቶቿ መሃል አገላበጠችው። "ዛሬ ከሰዓት ቢሮው ውስጥ ሃልዲ-ኩንኩ ነው።"

ሴቶች ተሰብስበው እርድና ቀይ ዱቄት ግንባር ለግንባር የሚቀባቡበት ቀን ነው። ባል የሞተባት አትቀባም።

"አምና የባሌ እህት ቤት ሄጄ ነበር" አለች። "የዱቄቱ ሳህን እኔ ጋ ሲደርስ ዘሎኝ ጎኔ ወዳለችው ሄደ። ክፉ የተናገረኝ የለም፤ ጣፋጩንም ሰጥተውኛል።"

"ኢንዱባይ ግን ጠርታሻለች።"

"በስልክ ብቻ ነው የምንተዋወቀው፣ ማውሺ። ግንባሬን አይታው አታውቅም። ባሌ መሞቱን አውቃ ትጥራኝ፣ ሳታውቅ ትጥራኝ በምን ልወቀው?"

"ጠይቂያታ።"

"ምን ብዬ?"

እኔ፣ ወሬ የማያልቅብኝ ሴትዮ፣ ሌላ የሰሊጥ ጣፋጭ ነው ያወጣሁላት። አውቶቡሱ መጣና ሳንግሊ ደረስን። መድኃኒቴን ገዝቼ ከመመለስ ሌላ ጉዳይ ስላልነበረኝ እስከ ቢሮው ሸኘኋት። ከበሩ ወዲያ የሴቶች ሳቅና የብርጭቆ አምባር ድምፅ ይሰማል።

"አብሬሽ ልግባ?" አልኳት።

ኮምፒዩተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ የሳሪዋን ጫፍ አስተካከለች።

"አይ፣ ይሂዱ። መመለሻው አውቶቡስ ላይ ቦታ ይያዙልኝ" አለች። "ቶሎ ከመጣሁ ደግሞ፣ አደራዎን፣ ምንም አይጠይቁኝ።"