ማኅደር የለበሰው ሲዲ

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ዮናስ መሳቢያዬን ሊያጸዳልኝ መጣና፣ የተሰነጣጠቁ የፕላስቲክ ሲዲ መያዣዎቼን በፌስታል ሲያጭቅ ቆይቶ ድንገት እጁን አቆመ። «አክስቴ፣ ይሄ የሚሸተው ምንድን ነው?» አለኝ። ዞሬ ሳላየው አወቅሁት፤ የለፋ የበግ ቆዳ፣ ትንሽ ጭስ፣ ትንሽ ቅቤ ይሸታል። ካህናት ዳዊታቸውን ከሚያነግቱበት የቆዳ ማኅደር አይለይም፤ ክዳን አለው፣ ማንገቻ አለው፣ ብቻ ሆዱ ቀጭን ነው። ውስጡ ያለው ደግሞ ዳዊት ሳይሆን የዮናስ እናት የሠርግ ሲዲ ነው።

እህቴ ባደግንባት ከተማ ሞላሌ ላይ የተዳረችው፣ እኛ ተማሪዎቹ ከሰው ይልቅ ከፕላዝማ ቴሌቪዥን እንድንማር በተፈረደብንና ሲዲ ማጫወቻ ወደ ሰፈራችን በገባባቸው ዓመታት ነው። ከደብረ ብርሃን የመጣው ቪዲዮ አንሺ አንድ ሲዲ ሰጥቶን ሄደ፤ ዋናውን ካሴት አጥፍቶ የሌላ ሰው ሠርግ እንደቀዳበት የሰማነው ዘግይተን ነው። በዚያ ሲዲ ማለቂያ ላይ አባቴ አለ። አባቴ በግ ነጋዴ ነበር፤ ገዢ ፊት ከሳቅሁ ዋጋ ይወርድብኛል ብሎ የሚያምን፣ ይህንኑ ልማድ ገበያ ተፈትቶም እቤት ይዞት የሚገባ ሰው። የዚያን ቀን ግን ካቦርቱን አውልቆ መሀል ገባ፣ ትከሻውን ሰበቀ፣ እናቴ በጆሮው የሆነ ነገር ስትለው ጥርሱ ሁሉ እስኪታይ ሳቀ። ለቀጣዩ ፋሲካ አልደረሰም። ከእሱ የቀረን ሌላ ምስል የመታወቂያው ጉርድ ፎቶ ብቻ ነበር፤ እሱም በበግ ስርቆት የተጠረጠረ ያስመስለዋል። ስለዚህ ከሐዘኑ በኋላ የእናቴ ጭንቀት አንድ ሆነ፤ ይህ ሳቅ በምን ይቀመጥ?

የፕላስቲክ መያዣው ገና በመጀመሪያው ሳምንት ጥርሱ ረገፈ። ፖስታ ውስጥ ስናደርገው አሸዋ ገባበት። ጎረቤቱ ሁሉ ሠርጉን ለማየት ይዋሰዋል፤ አንዴ ላስመልስ ስሄድ፣ ዝንብ እንዳይገባ ተብሎ የጠላ ብርጭቆ ከድነውበት አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ አባቴ ቴሌቪዥኑ ላይ ትከሻውን እንዳነሳ ደርቆ ይቆም ጀመር። እናቴ ሲዲውን አውጥታ በነጠላዋ ጠርጋ ስትመልሰው ይንቀሳቀሳል፤ ግን በሚቀጥለው ጊዜ ባይንቀሳቀስስ?

እኔ መፍትሔ አላጣሁም፤ ያኔም የሰው ሐሳብ መቃወም እወድ ነበር። «አታውሺያ» አልኳት። «ለቅሶ አብረውኝ የተቀመጡትን ነው እምቢ የምለው?» አለች። «እንግዲያው እናስገልብጠው፣ ሁለት ይሁን» አልኩ። «አይሆንም፤ ሲገለበጥ ቅራሪ ይሆናል» አለች። ቅራሪ ጠላው ካለቀ በኋላ አተላው ላይ ውኃ ተጨምሮ የሚገኘው መጠጥ ነው፤ መልክ እንጂ ጉልበት የለውም። ከካሴት ወደ ካሴት የተቀዳ ዘፈን የሰማ ሰው ሊሳለቅባት አይችልም፤ እኔ ግን ተሳለቅሁ። ከመሐል ሜዳ ገበያ አበባ ያለበት ባለዚፕ የሲዲ አልበም እንድትገዛ ስመክራት፣ እሷ ሲዲውን በነጠላዋ ጠቅልላ ማኅደር ሰፊው አለቃ ዘውዴ ዘንድ ሄደች። ሲመልሷት ለማየት ተከተልኳት።

አለቃ ወስፌያቸውን እንኳ አላስቀመጡም። «ጭፈራ በዳዊት ልብስ? ምነው እቴ፣ ነገ ደግሞ ለከበሮው ልብስ ስፉ ልትይኝ ነው?»

«ለከበሮውማ ቤተ ክርስቲያንም ታለብሰዋለች» አለች እናቴ። «እኔ ጭፈራውን አይደለም የማለብሰው፣ አለቃ። ባሌን ነው።»

አለቃ ወስፌያቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ሲዲውን ተቀብለው ዙሪያውን በክር ለኩና ወደ እኔ ዞሩ። «ተማሪዋ፣ የሚነበበው በየት በኩል ነው?» የሚያብረቀርቀውን ገጽ አሳየኋቸው። «እንግዲያው ቆዳ ሊነካው አይገባም። ሥዕል ያለበት ብራናም መጋረጃ ይሰፋለታል» አሉ። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ እዚያው ቀድዳ ለመጋረጃው ሰጠቻቸው። የገበያው አልበም ሻጭ ይህን ጥያቄ ይጠይቅ እንደሆነ እስከ ዛሬ እጠራጠራለሁ።

ከዚያ በኋላ ሲዲውን የሚዋስ ሁሉ በሁለት እጁ ይቀበለው ጀመር። አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን ውስጡ ያለውን እያወቁ ተሳለሙትና ከራስጌያቸው ሰቀሉት። ብርጭቆ ሊከድንበት የደፈረ አልነበረም። አጉል ልማድ ነው እያልኩ ስከራከር ኖርኩ፤ ለመርታት ካልሆነ በቀር ለምን እንደምከራከር የማላውቅበት ዕድሜ ነበር። አሁን የሚመስለኝ፣ መያዣ ዕቃን የሚጠብቀው በውፍረቱ አይደለም፤ የሚነካውን እጅ ጠባይ በማስተማሩ ነው።

ዮናስ ከጓደኛው የሲዲ ማንበቢያ ተውሶ በኮምፒውተሩ ሞከረው። በፋብሪካ ፕላስቲክ ያኖርኳቸው ሌሎቹ ሲዲዎቼ ግማሾቹ እምቢ ብለው ነበር። ይህኛው ዞረ። አባቴ ካቦርቱን አወለቀ፣ ትከሻውን ሰበቀ፣ ሳቀ፤ የትም አልደረቀም። አያቱን በዓይኑ አይቶ የማያውቀው ዮናስ ሁለቴ መልሶ አየው። እኔ ዓይኔ የሄደው ከአባቴ ጀርባ ተጨናንቀው ወደሚያጨበጭቡት ነው፤ ያቺ አሮጊት፣ ያ ባለ ብርጭቆው ጎረቤት፣ አንዱን ሲዲ በየተራ እየተዋሱ ክረምቱን የገፉት ሰዎች። አብዛኞቹ የሉም። ዛሬ ሁላችንም ሁሉ ነገር በየኪሳችን አለን፤ ሰው ቤት ገብቶ «አውሱኝ» የሚል፣ ሲመልስም ቁጭ ብሎ የሚጫወት የለም።

ዮናስ ሞላሌ ያለችውን እናቴን በስልክ አገኛትና «አያቴ፣ ገለበጥኩት፤ ቅራሪም አልሆነም» አላት።

«አሁን ምን ላይ ነው ያለው?»

«ፍላሽ ላይ።»

«ስንት ጣት ይሆናል?»

«አንድ ጣት ቢሆን ነው።»

«እንግዲያው ልኩን በክር ለክታችሁ ላኩልኝ። አለቃ አርፈዋል፤ ልጃቸው ግን ትሰፋለች፤ ስፌቷ እንዲያውም ከሳቸው ይጠብቃል።»

ዮናስ ሳቀ። ሲስቅ ትከሻው አብሮት እንደሚነሳ እስከዚያች ቀን ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። ስልኩን ዘጋና መሳቢያዬን እንደገና ከፍቶ ክር ይፈልግ ጀመር።